የጋብቻ ወረቀት ለማይሄዱትም ነው

ደብረ ብርሃን ውስጥ ባልና ሚስት የጋብቻ ምስክር ወረቀት ሊያወጡ ነው ከተባለ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ወዴት ሊሄዱ ነው?» ብሎ ነው። ዲቪ ደርሷቸው ይሆን? አንዳቸው ካናዳ ቀድመው ሌላውን ሊወስዱ ይሆን? ፕሮሰስ ጀምረው ይሆን? እዚሁ ተጋብተው፣ እዚሁ ወልደው፣ እዚሁ ሊያረጁ ያሰቡ ሰዎችማ ወረቀቱ ምን ያደርግላቸዋል? ብዙው ሰው የሚያስበው እንዲህ ነው።

እኔ የማምነው ግን ተቃራኒውን ነው። የሚሄደውን ሰው ኤምባሲው ያስገድደዋል፤ ወደደም ጠላም ያወጣዋል። ወረቀቱ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው እዚህ ለሚቀረው ነው። በተለይ ደግሞ ለምትቀረው።

ይህን የምለው አክስቴ የደረሰባትን አይቼ ነው። አክስቴ የተዳረችው መንዝ ነው፣ በሰማንያ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ጥሎሽ ቀርቦ፣ ውል ተጽፎ፣ ዋስ ተጠርቶ፣ አገር ምድሩ በልቶ ጠጥቶ። ከዚያ ባሏ ሥራ ሲያገኝ ደብረ ብርሃን ገቡ። ልጆች ወለዱ፣ እድር ገቡ፣ ቤት ሠሩ። ሰፈሩ እሷን ያለ እሱ ስም ጠርቷት አያውቅም። በዚያ ሁሉ ዘመን «ባልና ሚስት መሆናችሁን አስረዱ» ያላቸው ሰው የለም።

ጥያቄው የመጣው እሱ ሲሞት ነው። ጡረታው ወደ እሷ እንዲዞር ስታመለክት መጀመሪያ የተጠየቀችው የጋብቻ ምስክር ወረቀት ነበር። ገና ጥቁሯን አላወለቀችም። ወረቀት ሲሏት የሰማንያው ውል ትዝ አላት። ውሉ እንደ ደንቡ የተቀመጠው ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዘንድ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ካረፉ ቆይተዋል። ልጆቻቸው የአባታቸውን ሳጥን ከፍተው ቢያገላብጡ ያገኙት የግብር ደረሰኝና የእድር ደብተር ብቻ ነው። ሚዜዎቹ ተበትነዋል፤ ግማሾቹ በሕይወት የሉም።

በመጨረሻ ፍርድ ቤት ቀርባ በምስክር አረጋገጠች። ሕጉ ይህን በር ክፍት መተዉ መልካም ነው። ሁለት ሰዎች ራሳቸውን እንደ ባልና ሚስት ቆጥረው አብረው ከኖሩ፣ ቤተ ዘመዱና ጎረቤቱም እንደዚያው ካወቃቸው፣ ወረቀት ባይኖርም ጋብቻው በሰው ምስክርነት ይረጋገጣል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ለዚህ 4 ምስክሮች ይጠይቃል፤ ዘመድም ሆኑ ባዳ ችግር የለም። ከአክስቴ ምስክሮች አንዷ ከመሐል ሜዳ በኩል የመጡ ባልቴት ነበሩ። ዳኛው ጋብቻውን በምን እንደሚያውቁት ሲጠይቋቸው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «በሠርጓ ቀን ጠላ የቀዳሁ እኔ፤ በበቅሎ ሲያመጧት በዓይኔ በብረቱ ያየሁ እኔ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ላስረዳ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ግን እሳቸው እስኪመጡ አንድ ቀጠሮ አልፏል። ጉልበታቸው ደክሟል፣ መንገዱም እንደ ልብ የሚኬድበት ጊዜ አልነበረም። የመኪናው፣ የምሳው፣ የማደሪያው ወጪ ደግሞ ሁሉም በአክስቴ ላይ ነው፤ ያውም ገቢ በሌላት ጊዜ።

ለሟች ባለቤት የሚከፈለው የጡረታው ግማሽ ነው፣ 50 በመቶ። ትንሽ ናት የሚል ይኖራል። ትንሽ ብትሆንም በየወሩ የምትመጣ ናት። የጤፍ ናት፣ የመብራት ናት፣ የልጅ ደብተር ናት። ያቺ ገንዘብ ፍርዱ እስኪወጣ ድረስ ቆማ ቆየች። ማንም ክፉ ስለሆነ አልነበረም። ፋይል የያዘችው ሠራተኛ እንኳ አብራት አዝናለች። ቤት የሠሩት፣ ልጅ ያሳደጉት፣ አብረው ያረጁት ሁሉ እውነት ነው፤ ይህ እውነት የተጻፈበት ቦታ ግን አልነበረም። በቃ፣ ችግሩ ይኸው ነው።

መጻፉ ድሮ የትልልቆቹ ነበር። በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ አንኮበር መድኃኔ ዓለም፣ ምኒልክና ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. በቁርባን ሲጋቡ ነገሩ ከዜና መዋዕል ገብቷል፤ ዛሬም ቀኑን ፈልጎ የሚያጣ የለም። በዚያው ሰሞን አንኮበር ዙሪያ የተጋባ ገበሬ ግን መዝገቡ የሰው ልብ ነበር። ዋሱ፣ ሽማግሌው፣ ሚዜው፣ የነፍስ አባቱ። ሰው በአንድ ቀበሌ ተወልዶ እዚያው በሚሞትበት ዘመን ይህ ይበቃ ነበር፤ የሚጠይቀውም የሚመሰክረውም አንድ ደጀ ሰላም ይገናኛልና።

መንግሥት መዝገብ ይኑር ያለው ዘግይቶ ነው፤ ካለም በኋላ አላደረገውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በክብር መዝገብ እንዲጻፉ አንድ በአንድ ደንግጓል። መጨረሻው ላይ ግን በቁጥር 3361፣ ይህ ክፍል በነጋሪት ጋዜጣ ትእዛዝ እስኪወጣለት ድረስ አይሠራበትም ብሎ አሳደረው። ትእዛዙ ሳይወጣ ንጉሡ አለፉ፣ ደርግም አለፈ። አዲስ አበባ ላይ «ማዘጋጃ ቤት ሄደው ተፈራረሙ» የሚባል ጋብቻ ነበረ፤ ከተማ ውስጥ የሚኖር፣ ፊደል የቆጠረ፣ ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ይጠቀምበት ነበር። መንዝና ሞረት፣ መርሐቤቴና ቡልጋ ግን በሽማግሌና በቤተ ክርስቲያን ቀጠሉ። አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነት (የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት) ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ነው፣ ቁጥሩም 760። መዝገቡ በየቀበሌው ተከፍቶ በመላ አገሪቱ መጻፍ የተጀመረው ደግሞ በ2008 መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ከእኔ በፊት የተጋባ ዘመዴ ሁሉ፣ አክስቴን ጨምሮ፣ አላስመዘገባችሁም ተብሎ ሊወቀስ አይገባውም። የሚመዘግባቸው አልነበረም።

የዛሬው ሰው ግን እንደዚያ ማለት አይችልም። ወሳኝ ኩነት ቢሮው ቀበሌው ውስጥ አለ።

በቅርቡ የአንድ ጓደኛዬ ምስክር ሆኜ ሄጄ ነበር። ሙሽሮቹ ሁለቱም ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩ ናቸው፣ ከሥራ ፈቃድ ጠይቀው የመጡ። ቢሮው ጠባብ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የፋይል መደርደሪያ፣ ግድግዳው ላይ የአገልግሎቱ ዝርዝር። የደብረ ብርሃን ብርድ ነዋ፣ የክብር መዝገብ ሹሟ ጋቢ ደርባ ነው የምትሠራው። መዝገቡ ሲገለጥ ጠረጴዛውን ሞልቶት ቁጭ አለ። በእያንዳንዱ ወገን ሁለት ሁለት ምስክሮች፣ ሁላችንም መታወቂያችንን ሰጠን። እሷም ሳትቸኩል አነበበችልን፤ እውነቱን ካልተናገራችሁ በሕግ ያስጠይቃችኋል ብላ አስማለችን። ከዚያ ሁለቱን ለየብቻ፣ ስማቸውን እየጠራች፣ በፈቃዳችሁ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ሙሽራዋ መጀመሪያ ራሷን ነቀነቀች። ሹሟ ግን «በቃልሽ ልስማው» አለቻት። ሙሽራዋም ቀና ብላ፣ «አዎ፣ በፈቃዴ ነው» አለች፤ ለሁላችንም በሚሰማ ድምፅ።

ያቺን ነገር ቀላል አድርጌ አላያትም። በእኛ አገር ብዙ ሴት ተጠይቃ አልተዳረችም። የ1952ቱ ሕግ ለሴት 15 ዓመት ይበቃል ይል ነበር፤ ባልንም የቤተሰቡ ራስ አድርጎት ነበር። 18 ዓመት ለሁለቱም እኩል የሆነው፣ ባልና ሚስትም በቤታቸው እኩል ናቸው የተባለው በ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ነው። አማራ ክልልም በ1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ 79 አወጣ። ሕጉ ወረቀት ላይ ነው፤ እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ግን አንዲት ሠራተኛ ብዕሯን አስቀምጣ የሴቲቱን ቃል ስትጠብቅ አየሁት። ዕድሜዋም ከመታወቂያ ላይ ነው የሚነበበው፤ «ደርሳለች» በሚል የአጎት ግምት አይደለም። ገጠሩ ላይ ልጆች ያለ ዕድሜያቸው የሚዳሩት ለዚህ መዝገብ ሳይቀርቡ ነው፤ የልደት ወረቀት ስለሌላቸው ዕድሜያቸውን ማንም እንደፈለገ ያደርገዋል። የልደትና የጋብቻ መዝገብ አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም።

ከዚያ መጻፍ ተጀመረ። ሹሟ ስም ስትጽፍ ፊደል በፊደል እያሳየች ነው። የሙሽራው አያት ስም «ኃይሌ» ነው፤ መታወቂያው ላይ በሌላኛው «ሀ» ተጽፏል። አንዱን ምረጡና ሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ይሁን አለች። ሰው ቢሮክራሲ ይለዋል። በአንድ ፊደል ልዩነት ስንት ሰው ሰነዱ ተመልሶበት እንደገና ሲመላለስ እንዳየች ግን እሷ ታውቃለች። ስማችሁንና የልደት ቀናችሁን ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ። ከፈረማችሁ በኋላ ማስተካከል ሌላ ጣጣ ነው።

ስለ አሠራሩ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ስለሆነ በዚሁ ልናገረው። በክብር መዝገብ ሹም ፊት ለመጋባት ሁለቱም በአካል መቅረብ አለባቸው። ከሁለቱ የአንዳቸው መኖሪያ ቀበሌ ይመረጣል፤ የፌዴራሉ ሕግ እዚያ ቢያንስ 6 ወር መኖርን ይጠይቃል። ሠርጉ ከመድረሱ 1 ወር በፊት ሐሳባችሁን ማሳወቅ አለባችሁ፤ ተቃዋሚ ካለ እንዲናገር ነው። የታደሰ መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ከሆነ ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ፣ ፈትቶ ከሆነ የፍቺው ውሳኔ፣ ሞቶበት ከሆነ የሞት ምስክር ወረቀት ይያዛል። ምስክሮቻችሁም መታወቂያቸውን እንዳይረሱ ከማታው ደውሉላቸው።

በተክሊል ወይም በኒካሕ ወይም በሰማንያ የተጋባም ጋብቻው ሕጋዊ ነው። ይህን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሸሸው ሃይማኖቱ የተናቀ መስሎት ነው። አንድ ዲያቆን ዘመዴ «እግዚአብሔር ያጣመረውን ቀበሌ ምን ያድርገው?» ብሎኛል። ቀበሌው ያንኑ ይመዘግባል እንጂ እንደገና አያጋባም። ሕጉ ሦስቱንም መንገድ፣ በክብር መዝገብ ሹም፣ በሃይማኖት፣ በባህል፣ እኩል ይቀበላል። የሚለው አንድ ነገር ነው፤ በየትኛውም ተጋቡ፣ በ30 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ። ከቤተ ክርስቲያኑ ወይም ካሰረላችሁ ሼኽ ማስረጃ፣ በባህል ከሆነም ሽማግሌዎቹን ይዞ መሄድ ነው። ሸዋ ሮቢት በኩል ያሉ ሙስሊም ወዳጆቼም፣ ይፋት ያሉትም፣ ጥያቄያቸው ያው ነበር፣ መልሱም ያው ነው።

ከሃይማኖቱ የሚከብደው ይሉኝታው ነው። ሴት ልጅ «እናስመዝግብ» ካለች «ከአሁኑ መፋታቱን አስባለች» ይባላል። አንዲት የባል እናት እኔ እየሰማሁ፣ «ልጄን አላመንሽውም ማለት ነው?» ብለው ምራታቸውን ሲጠይቁ ልጅቷ መልስ አጣች። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን «እትዬ፣ እኔ እሱን አምነዋለሁ፤ ወረቀቱ እሱን ለማያውቁት ነው» እል ነበር። የባንክ ሠራተኛው አያውቀውም። የመሬት አስተዳደሩ አያውቀውም። ነገ ወራሽ ነን ብለው የሚመጡት የሩቅ ዘመዶች ያውቁታል፣ ግን እሷን አናውቃትም ማለት ይችላሉ። በጋብቻ ውስጥ የተፈራው ንብረት የአንዱ ብቻ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ነው፤ በአንዱ ስም ቢጻፍም። ይህን ለማለት ግን መጀመሪያ ጋብቻ መኖሩ መታወቅ አለበት። ሁሉም ክርክር የሚሸነፈው ወይም የሚያሸንፈው እዚያች የመጀመሪያ ደጃፍ ላይ ነው።

ምዝገባው ጎደሎ የለውም አልልም፤ አለው። ትልቁ ጎደሎ መዝገቦቹ አለመተዋወቃቸው ነው። መንዝ ሚስትና ልጆች ትቶ የመጣ ሰው ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ከርሞ ያላገባ ማስረጃ ቢጠይቅ፣ ቀበሌው የሚያየው የራሱን መዝገብ ነው። እዚያ ስሙ ከሌለ፣ ሁለት ሰው ደግሞ «አላገባም፣ እናውቀዋለን» ካሉለት፣ ወረቀቱ ይወጣል። በጋብቻ ላይ ጋብቻ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ወንጀል ነው። ቢሆንም የመጀመሪያዋ ሚስት ሳትመዘገብ ከቆየች የሚያስቆመው የለም፤ ሁለተኛዋም ተታልላ ትገባለች። ሁለቱም ሴቶች ይጎዳሉ። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሰው በአንድ ጠዋት ይደርሳል። የእሱ የጋብቻ ታሪክ ግን አብሮት አይጓዝም። አሁን ፋይዳ ቁጥር በየአገልግሎቱ እየተጠየቀ ነው። ጋብቻም ከዚያ ቁጥር ጋር ተያይዞ በአንዱ ቀበሌ የተጻፈው ከሌላው ቢታይ፣ ይህ ማታለል ከግማሽ በላይ የሚቀር ይመስለኛል።

ደብረ ብርሃን ደግሞ እንደ ድሮው የሚተዋወቅ ሰው ብቻ ያለባት ከተማ አይደለችም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ከተከፈተ ወዲህ ከየአቅጣጫው ወጣት ገብቷል። ኪራይ ቤት ውስጥ ተዋውቆ፣ አብሮ መኖር ጀምሮ፣ ልጅ ወልዶ፣ «ሠርግ ሲኖረን እናስመዘግባለን» የሚል ስንት ጥንድ አለ። ሠርጉ ገንዘብ ነው፣ በየዓመቱ ይገፋል። ለመመዝገብ ግን ድንኳንም በሬም አያስፈልግም! ድግሱን ስትችሉ ትደግሳላችሁ።

ከወለጋ ተፈናቅለው ከተማዋ ውስጥ በመጠለያ ያሉትን ሳስብ ግን ቃል ያጥረኛል። በሌሊት ልጅ አዝሎ የወጣ ሰው ሰነድ ፈልጎ ለመያዝ ጊዜ የለውም። ባሏ እዚያ የቀረባት ሴት ሚስቱ መሆኗን በምን ታስረዳ? ጎረቤቶቿ በየካምፑ ተበትነዋል፣ የቀበሌው ሹም የት እንዳለ አይታወቅም። ለእነዚህ ሰዎች ምስክር ሊሆኑ የሚችሉት ቢበተኑም ዛሬ በቅርብ አሉ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን አይኖሩም። ስለዚህ እባካችሁ፣ የምትችሉ፣ የሕግ ባለሙያዎች፣ የዩኒቨርሲቲው የሕግ ተማሪዎች፣ የከተማው ወሳኝ ኩነት ባለሙያዎች፣ እዚያው ሄዳችሁ ቃላቸውን ጻፉላቸው፣ ወደ ፍርድ ቤት የሚያደርሰውን መንገድ አሳዩአቸው። ይህ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።

ለቀበሌዎቹም ልመና አለኝ። ሠርግ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ነው የሚበዛው። በዚያ ሰሞን ሹሟ ለሌላ ሥራ ስብሰባ ከምትጠራ ቢሮዋ ብትገኝ፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ቢከፈት፣ አድባራቱም ተክሊል ሲያደርሱ ማስረጃውን በዚያው ቀን ጽፈው ቢሰጡና «በ30 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ» ብለው ቢናገሩ፣ ብዙ ሰው ይመዘገባል። ካህን የተናገረውን ሰው ይሰማል። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን ግን ማንም አያነብም።

የአክስቴ ልጅ እናቷ ፍርድ ቤት ስትመላለስ አብራት ትሄድ ነበር። እሷ ራሷ በቁርባን ካገባች ቆይታለች፣ ልጆችም አሏት፣ ግን አላስመዘገበችም ነበር። 30 ቀኑ ስላለፈ የማይቻል መስሏት ነበር፤ ይቻላል። የዘገየ ምዝገባ አለ፤ የዘገያችሁበትን ምክንያት ታስረዳላችሁ፣ የሚከፈለውን ትከፍላላችሁ። ባሏ ከሥራ የአንድ ከሰዓት ፈቃድ ወሰደ። ከደብሩ ማስረጃ አጻፉ፣ ሚዜዎቻቸውን ይዘው ሄዱ። ቅጂ አስነሥታ አንዱን ለእናቷ ሰጠቻት፣ አንዱን ለባሏ ወንድም፣ ዋናውን ራሷ ጋ አስቀመጠች። ስልኳም ላይ ፎቶ አንስታ ይዛዋለች።